የአያ ዳምጤ ያረረ ሰሊጥ

ኑ፣ ቁጭ በሉ። እዚያ አይደለም፤ እዚህ፣ ጥላው ስር። ነዶውን አትደገፉት ብያለሁ! የደረቀ ሰሊጥ ትንሽ ከነኩት ይረግፋል፤ ባለቤቱ ሲመጣ ደግሞ የሚቆጣው ጠባቂውን፣ እኔን ነው። አዎ፣ እንዲያ። እጃችሁን ሰብስቡ።

ተረት ተረት።

«የላም በረት» አትበሉኝ። የዛሬው ተረት ላም የለበትም። «ያለ ላም በረት» በሉ። እንደገና።

ተረት ተረት።

ጎሽ! እንዲያ ነው።

ድሮ፣ ድሮ፣ ወንዙ በበጋ አሸዋ ብቻ በሚሆንበት አንድ በረሃማ መንደር ውስጥ አያ ዳምጤ የሚባል ሰው ነበር። ሚስቱ ላቀች ትባላለች። ልጅ አልወለዱም። እሱ ሰሊጥ ይዘራል፣ እሷ ሰሊጥ ትቆላለች። የላቀች ሰሊጥ በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነበር። ቆልታ፣ ወቅጣ፣ በማር ለውሳ ስታቀርበው የበላ ሰው ጣቱን አይታጠብም ይባላል። እኔ አልበላሁም፤ እንደነገሩኝ ነው የምነግራችሁ።

በመጨረሻው ዓመቷ ላቀች ዓይኗ ደከመ። ያኔ እሷ በርጩማዋ ላይ ትቀመጣለች፣ አያ ዳምጤ ምጣዱ አጠገብ ይንበረከካል። እሷ በጆሮዋና በአፍንጫዋ ታዛለች፣ እሱ ይቆላል።

«አማስል» ትለዋለች።

«እያማሰልኩ ነው።»

«አልሰማሁም።»

«እሺ፣ ይኸው።»

«አሁን ሰማሁ። ሰሊጥ እንደ እንግዳ ነው፤ ፊትህን ካዞርክበት ይቀየማል። መንጣጣት ሲጀምር አውርደው።»

እንዲህ እንዲህ እያለ እጁ ተማረ። ሰሊጡ ወርቅ መሰለ። ከዚያ ላቀች ሞተች።

አርባዋ እስኪወጣ ድረስ ቤቱ በሰው ጠቦ ነበር። አለቀሱለት፣ አበሉት፣ አጠጡት። ከአርባው በኋላ ግን ሁሉም ወደ ሥራው ተመለሰ። ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም። አረም ነበረባቸው፣ ከብት ነበረባቸው፣ ልጅ ነበረባቸው። ሲሄዱ ሁሉም «ብቅ እንላለን፣ አያ ዳምጤ» አሉት። ከዚያ በኋላ በደጁ ብቅ የምትለው ፀሐይ ብቻ ሆነች።

ጠዋት በሩ ላይ ይቀመጣል። ሰዎች በመንገዱ ያልፋሉ።

«እንደምን አደርክ፣ አያ ዳምጤ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እናንተስ—»

እሱ «እናንተስ» ሲል እነሱ አልፈዋል።

ማታ ማታ ሁለት ዋንጫ ያወርድና አንዱን መልሶ ይሰቅላል። «ላቀች፣ ያን ማማሰያ—» ይልና ራሱ ያነሳዋል። በርጩማዋን ከቦታው አላነሳትም። ልጆቼ፣ ብቸኝነት ከበሽታ ሁሉ ይብሳል። በሽታ እንኳ ጠያቂ አለው።

አያ ዳምጤ አሰበ፣ አሰበና አንድ ነገር መጣለት። «የላቀች ሰሊጥ ሲሸት ሰው ሁሉ ምራቁን ይውጥ ነበር። እቆላለሁ፤ ሲሸታቸው ይመጣሉ።»

ላቀች የተወችለት አንድ ስልቻ ሰሊጥ ነበር። ለዓመት የሚበላው እሱኑ ነው። ሌላ ደግሞ ለዘር የሚሆን ጥቂት ሰሊጥ፣ ላቀች በነጠላዋ ጥለት ቋጥራ ከጣሪያው ማገር ላይ አንጠልጥላው ነበር። ዘር አይነካም። አያ ዳምጤ ከስልቻው ዘገነ፣ እሳት አነደደ፣ ቆላ። ሽታው መንደሩን ሞላው።

ማንም አልመጣም።

ለምን? በዚያ መንደር አንድ ነውር ነበር። የምግብ ሽታ ከሚወጣበት ቤት ያልተጠራ ሰው አይገባም። ከገባ «ሽታ የጠራው» የሚል ስም ይወጣለታል። ያ ስም አንዴ ከወጣ በሰርግም በለቅሶም ይከተላል። ስለዚህ ሰሊጡ ሲሸት ሰዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ፈጠን ብለው አለፉ። ጎረቤቱ እመት ስንዱ እንዲያውም መንገዱን ትታ በጀርባ በኩል ዞራ ሄደች። አያ ዳምጤ በሩ ላይ ሆኖ ዳናዋን ሰማ። የቆላውን ብቻውን ዘግኖ አፉ ውስጥ ጨመረው።

በማግስቱም ቆላ። አልመጡም። በሦስተኛው ቀንም ቆላ።

በሦስተኛው ቀን እያማሰለ ሳለ ዓይኑ የላቀች በርጩማ ላይ አረፈ። ትንሽ ቆየ። ከዚያ ብዙ ቆየ። ሰሊጡ ተቀየመ፤ ጠቆረ፤ ጨሰ።

ወዲያው ከአጥር ማዶ ጩኸት ተሰማ።

«ኧረ አረረ! ኧረ እሳት! አያ ዳምጤ!»

እመት ስንዱ ውሃ በቅል ይዛ እየሮጠች ገባች። በዚያ መንደር ምግብ ሲሸት መግባት ነውር ቢሆንም፣ ሲያር አለመግባት ደግሞ ወንጀል ነው። ቤቱ ሁሉ ሳር ነው፤ አንዱ ከነደደ ሁሉም ይነዳል። እመት ስንዱ ምጣዱን አውርዳ፣ ወገቧን ይዛ፣ መቆጣት ጀመረች።

«ሰው እንዲህ አድርጎ ይቆላል? ያ ሁሉ ማገዶ ምንድን ነው? በሬ ልትጠብስ ነው? ፈቀቅ በል! ደግሞ ማማሰያውን እንደ ዱላ ነው የያዝከው!»

ተቀመጠች። አዲስ ሰሊጥ አስወጥታ አሳየችው። ስለ ልጇ አማት አወራችው፣ ስለ ዶሮዎቿ አወራችው፣ እንደገና ተቆጣችው። ፀሐይ አዘቀዘቀች። ስትሄድ አያ ዳምጤ በሩ ድረስ ሸኛት። ስምንት ወር ሙሉ የተቆጣው ሰው አልነበረም። ቁጣዋ ጣፈጠው።

ገባችሁ? ለእሱም ገባው።

በሌላው ቀን አንድ እፍኝ ሰሊጥ ለይቶ ምጣዱ ላይ አደረገ። አላማሰለም። እጁን አጣጥፎ ሲጨስ አየው። ከዚያ ተነስቶ በርጩማዋን አራግፎ ወደ በሩ አዞራትና ጠበቀ።

መጣ አያ ቢሻው። አያ ቢሻው አራት ጥማድ በሬ ያለው፣ በሁሉም ነገር አዋቂ ነኝ ባይ ነው። በዕድሜው ማማሰያ ጨብጦ አያውቅም።

«ምን ሆነሃል፣ አንተ ሰውዬ? ሰሊጥ በወንድ ክንድ ነው የሚቆላው! እሳቱን ታፋፍመዋለህ፣ ምጣዱን ታግለዋለህ፣ ከዚያ አንዴ ታገላብጠዋለህ። አበቃ!»

«እንዴት ነው ያልከኝ?» አለ አያ ዳምጤ።

«ታፋፍመዋለህ!»

«ከዚያስ?»

እያስደጋገመው ከሰዓት በኋላውን አብረው ዋሉ።

ሌላ ቀን ሌላ እፍኝ አሳረረ። የወንዙን አሸዋ ቆፍረው የሚመለሱ ውሃ ቀጂ ሴቶች ስድስት እንስራ ውሃ ምድጃው ላይ ገለበጡበት። ቤቱ ጭቃ ሆነ። ሳቁበት፣ ጭቃውን አብረውት ጠረጉ፣ ዘፈኑም። እሱም ሳቀ። ከሄዱ በኋላ እርጥብ ወለል ላይ ተቀምጦ ድምፃቸው ከመንገዱ ላይ እስኪጠፋ አዳመጠ።

እንዲህ ሆነና አያ ዳምጤ ሰው ሲናፍቀው አንድ እፍኝ ያሳርራል። አንድ እፍኝ አንድ ሰው ያመጣለታል። ስልቻው ግን ጎደለ። ከወገቡ ወረደ፣ ከጉልበቱ ወረደ። አያ ዳምጤ በጣቱ ስልቻውን እየዳበሰ «አሥር ሰው ቀረኝ» ይላል። «ስድስት ሰው ቀረኝ» ይላል። ምግቡ መሆኑን ረስቶት ነበር።

ሰውም መሰልቸት ጀመረ። «አያ ዳምጤ ጃጀ» አሉ። «አንድ ቀን መንደሩን ያነደዋል» አሉ። ከሁሉ በላይ የጮኸው አያ ቢሻው ነበር፤ ያስተማርኩት አልገባውም ብሎ ተናዶ ነበርና።

ሽማግሌዎቹ ቁርቁራው ዛፍ ስር ተቀመጡ። ተነጋገሩና ፈረዱ። «ሰሊጥ የሚያሳርር ሰው እሳት አይኑረው። ነገ ምድጃው ይጥፋ። ከእንግዲህ ማንም ፍም አይስጠው። ምግቡን በየተራ በር ላይ እናስቀምጥለታለን።»

በደግነት ነው እንግዲህ! በር ላይ አስቀምጠው ሊሄዱ ነው። እሳት የሌለበት ቤት ማን ይገባል? እሳት የሚጭር አይመጣም፣ የሚሞቅ አይመጣም፣ አረረ ብሎ የሚጮህም አይመጣም። አያ ዳምጤ ፍርዱን ሰማ። ወደ ቤቱ ገብቶ ስልቻውን ዳበሰ። አንድ ሰው እንኳ አልቀረውም።

አሁን ጥጊቱን ልንገራችሁ። ጥጊቱ በዚያ ዓመት ከደጋ በትዳር የመጣች ሴት ናት። ባሏ እርሻ ያድራል። ዘመድ የላት፣ የምታውቀው የላት። ብቸኛ ሰው ዓይኑ ብዙ ያያል። ቤቷ ከአያ ዳምጤ ቤት ጀርባ ስለነበር ሦስት ነገር አየች።

አንደኛ፣ አመድ መድፊያው ላይ ያረረውን ሰሊጥ አየች። ሁልጊዜ አንድ እፍኝ ነው። አይበዛም፣ አያንስም። ሳያስበው የሚያሳርር ሰው ለክቶ አያሳርርም።

ሁለተኛ፣ ሰው ሳይኖር ለራሱ ሲቆላ በበሩ ስንጥቅ አየችው። እጁ ማማሰያውን ይዞ እንደ ሸማኔ እጅ ይመላለሳል። ከምጣዱ የሚወርደው ሰሊጥ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው።

ሦስተኛ፣ ጢሱ መጨስ ሲጀምር በርጩማ ሲያራግፍ አየችው። ቤቱ ሊነድበት የሆነ ሰው በርጩማ አያራግፍም።

ጥጊቱ ነገሩ ገባት። ማንም ሳያያት ጥቂት አለቀሰች፤ ለእሱ ይሁን ለራሷ እሷም አታውቀውም።

በማግስቱ አያ ዳምጤ በጠዋት ተነሳ። ሽማግሌዎቹ ውሃ ይዘው እሳቱን ሊያጠፉ ይመጣሉ። እሳቱ ገና አለ። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ አስቀድሞ ቢመጣለትና ትንሽ ቢያወራው ፈለገ። ቀና አለ። ከማገሩ ላይ የተንጠለጠለውን ዘር አየ።

አወረደው። ሊፈታው ሞከረ። ላቀች አጥብቃ ነው የቋጠረችው። በጥፍሩ ሞከረ፣ በጥርሱ ሞከረ። ቋጠሮው የእሷ እጅ መሰለው። «ይቅር በዪኝ፣ ላቀች» አለ። «ሰው አጣሁ።»

ያኔ በሩ ላይ ጥላ ወደቀ።

«ቤቶች!»

ጥጊቱ ናት። በእጇ ክዳን ያለው ቅል ይዛለች። አያ ዳምጤ ምጣዱን አየ። ምጣዱ ባዶ ነው። አየሩን አሸተተ። ምንም የለም።

«ምን ሸተተሽ፣ ልጄ?» አላት።

«ምንም አልሸተተኝም።»

«ያረረ ነገር አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ ለምን መጣሽ?»

«እርስዎን ልጠይቅ ነዋ፣ አያ ዳምጤ። ሰው ሰውን ሊጠይቅ አይመጣም?»

አያ ዳምጤ ቋጠሮውን ታቅፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ጥጊቱ ዘሩን ከእጁ ቀስ ብላ ወሰደችና ወደ ማገሩ መለሰችው። በላቀች በርጩማ ላይ ግን አልተቀመጠችም፤ መሬት ተቀመጠች።

ወዲያው ሽማግሌዎቹ መጡ። አያ ቢሻው ከፊት ነው፣ ትልቅ እንስራ ውሃ አስይዟል። እመት ስንዱና መንደርተኛው ከኋላ ነው።

ጥጊቱ ተነስታ እጅ ነሳች። «አባቶቼ፣ እኔ የሰው አገር ሰው ነኝ። ሕጋችሁን እንዳልስት ልጠይቅ። ሰሊጥ የሚያሳርር ሰው እሳት አይኑረው ነው ያላችሁት?»

«አዎን» አለ ዋናው ሽማግሌ።

«ማንም ቢሆን?»

«ማንም ቢሆን። ፍርድ ፊት አያይም።»

«እንግዲያው ሳይፈተን አይፈረድበት። ይኸው ከቤቴ ያመጣሁት ሰሊጥ። አያ ዳምጤ ይቁላ። እንዴት እንደሚቆላ ያስተማርኩት እኔ ነኝ የሚሉት አያ ቢሻውም ይቁሉ። እኛ እንይ።»

አያ ቢሻው ደረቱን ነፋ። «ይቺ ምን አላት! አምጪ!»

እሳቱን አፋፋመ። ምጣዱን አጋለ። ሰሊጡን ገለበጠበትና «አሁን ታያላችሁ» ብሎ ወደ ሰዉ ዞረ። ሰሊጥ ፊቱን ላዞረበት ምን ይሆናል? ተንጣጣ! ዘለለ! ጢሙ ውስጥ ገባ! አያ ቢሻው ጢሙን ሲያራግፍ ምጣዱ ጠቆረ፣ ቤቱ በጢስ ታፈነ። ውሃ ቀጂዎቹ አፋቸውን ይዘው ሳቁ።

ቀጥሎ አያ ዳምጤ ተንበረከከ። ፍሙን ከፈለ። ምጣዱን ጠረገ። የጥጊቱን ሰሊጥ አፈሰሰና ማማሰል ጀመረ። የማማሰያው ድምፅ ብቻ ይሰማል። አያ ዳምጤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ «እያማሰልኩ ነው፣ ላቀች» ይላል። መንጣጣት ሲጀምር አወረደው። አንዲት ጥቁር ፍሬ አልነበረችበትም።

ዋናው ሽማግሌ በሁለት ጣቱ ቆንጥሮ ቀመሰ። ደግሞ ቆነጠረ።

«ይህ የላቀች ሰሊጥ ነው» አለ። «ዳምጤ፣ እንዲህ መቁላት የምትችል ሰው ለምን ስታሳርር ኖርክ?»

አያ ዳምጤ መሬት መሬት አየ። ማፈሩን አፍሯል። ግን መቼም የመጣው መጥቷል ብሎ ተናገረ።

«ሲሸት አልመጣችሁም። ሲያር መጣችሁ።»

ይህን ብቻ ነው ያለው። እመት ስንዱ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። በጀርባ በኩል ዞራ የሄደችበትን ቀን አስታወሰች። ሌላውም ሁሉ የየራሱን ቀን አስታወሰ።

ሽማግሌው ተነሳ። «ፍርድ ፍርድ ነው» አለ። «ሰሊጥ ያሳረረ እሳት አይኑረው ብለናል። ያሳረረው ቢሻው ነው። ይህ ውሃ የቢሻው ምድጃ ላይ ይፍሰስ! እስከ ዝናቡ ድረስ እሳት የሚጭረው ከዳምጤ ቤት ብቻ ይሁን። ነውራችንም ከዛሬ ጀምሮ ይገልበጥ። ሰሊጥ ሲሸተው ሳይገባ ያለፈ ሰው እሱ ነውረኛ ይባል።»

አያ ቢሻው ተቆጣ፣ ተንጎራደደ፣ በመጨረሻ ተቀበለ። በየማለዳው ገል ይዞ ወደ አያ ዳምጤ ቤት ይመጣ ጀመር። በመጀመሪያው ቀን ፍሙን ጭሮ ሳይናገር ሄደ። በሁለተኛው ቀን «እንደምን አደርክ» አለ። በሦስተኛው ቀን ቆም አለና ወደ ደጅ ተመለከተ፤ የሚሰማው ሰው እንደሌለ አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እንዴት ነው ግን የምታማስለው?» አለ።

«ቁጭ በል» አለው አያ ዳምጤ።

ዝናቡ ሲመጣ የላቀችን ቋጠሮ የጥጊቱ ጣቶች ፈቱት። ዘሩን አብረው ዘሩት፤ በቀለ። ጥጊቱ ሰሊጥ መቁላት ከእሱ ተማረች፣ እሱንም እንደ አባቷ ያዘችው። ላቀች ግን አልተመለሰችም። ሰው ሁሉ ሲሄድ አያ ዳምጤ አንዳንዴ አሁንም ወደ በርጩማዋ ዞር ብሎ «ሰማሽ?» ይላል። ይህንን ለመደበቅ አልፈልግም። ሁሉ ነገር አይድንም። ነገር ግን ማለዳ በሩ ይንኳኳል፤ እሱም ለመክፈት ይነሳል።

ለዚህ ነው አባቶቻችን «የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» የሚሉት። ጎረቤታችሁን ሳያርበት ጠይቁት።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በሰሊጥ አብሱ። አሁን በረቱን እንደ ወጉ በሉልኝ።

ተረት ተረት።

የላም በረት! ጎሽ። በሉ ተነሱ፣ እናቶቻችሁ ይፈልጓችኋል። ቀስ እያላችሁ፣ ነዶውን እንዳትነኩት። እኔ ሰሊጡ እስኪወቃ ድረስ ከዚህ ጥላ ስር የትም አልሄድም። ምንም ባይሸታችሁም ኑ።